ጥምጥሜን የፈታሁበት ግንብ

በጡረታ የተሰናበትሁ ዕለት የግንባታ መሥሪያ ቤታችን ወጣት መሐንዲስ ንግግር አደረገ። «አቶ ላቀው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከድንጋይና ከመዶሻ ጋር ያደጉ…» ሲል ከኋላ የተቀመጡት የመካነ ሰላም ሽማግሌዎች ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ጎተቱ። ባለቤቴ ዘነበች ጋቢም አላስፈለጋትም፤ በግልጽ ሳቀች። መሐንዲሱ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ወደኔ ተመለከተ። በእጄ «ቀጥል» አልሁት። የደግ ሰው ንግግር ማቋረጥ ነውር ነው፤ ደግሞም ውዳሴ ማን ይጠላል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔ እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ድንጋይ ያነሣሁት ውሻ ለማባረር ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በእጄ የነበረው መቋሚያና ጸናጽል ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር መሪጌታ ነበርሁ፤ ዜማ መርቻለሁ፣ ዜማ አስተምሬአለሁ፣ ነጭ ጥምጥሜን ጠምጥሜ በገበያ መካከል ሳልፍ እስላሙም ክርስቲያኑም ከመቀመጫው ይነሣልኝ ነበር። እንዴት ከዚያ ወደ መዶሻ እንደወረድሁ፣ ወይም እንደወጣሁ፣ መሐንዲሱ ስላልሰማ እዚህ ልጻፈው።

የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ለደብራችን አገልጋዮች መቆሚያ የነበረውም መሬት ለገበሬው ተከፋፈለ። ገበሬው ደስ አለው፣ የኛ ጎተራ ጎደለ፤ ሁለቱም እውነት ነው፣ እዚህ አልተችበትም። ነገር ግን ኑሮዬን የለወጥሁት በችግር ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ከአዋጁ በፊትም አንድ ነገር ልቤን ይበላው ነበር። ለበዓል ቆመን አድረን፣ ዘምረንና ሸብሽበን ጠዋት ስንወጣ፣ ዘወር ብዬ የማየው ነገር አልነበረኝም። ምስጋና በዓይን እንደማይታይ አውቃለሁ፤ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ያስተማርሁ እኔው ነኝ። ቢሆንም በእጄ ሠርቼ በእጄ የምዳስሰው ነገር አማረኝ። አርባን ያለፈ ሰው አምሮት ሲመጣበት እንደ ነፍሰ ጡር ነው፤ ምክንያት ቢጠይቁት አያውቀውም።

በዚያ ሰሞን ከገበያው ራስጌ የእህል መጋዘን ይገነባ ነበር። ዋናው ግንበኛ ከወረኢሉ የመጣ አያ እንድሪስ የሚባል ሰው ነው፤ በዕድሜ ከኔ ዐሥር ዓመት ያህል ይገፋል፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚስቅ። ከቅዳሴ ስመለስ እየቆምሁ አየው ጀመር። ድንጋዩን ያነሣና በመዶሻው ጫፍ መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማዋል። ወይ ግንቡ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ለመሠረት ሙሌት ወደ ጎን ያደርገዋል። መጀመሪያ ትንሽ የነካው ሰው መስሎኝ ነበር። እየሰማሁ ስሄድ ግን ገባኝ፤ ደህናው ድንጋይ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ከአጥሩ ውጭ እንደቆምሁ «አያ እንድሪስ፣ ያችኛዋ እንኳ አትሆንም» አልሁት።

እንደገና መታት፤ እንደገና ሰማት። «ወላሂ እውነትዎን ነው መሪጌታ፤ ስንጥቅ ናት። በምን ዜማ ነው ያወቋት? በግዕዝ ነው በዕዝል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ግን እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘነበች ነገሩን ከኔ በፊት ታውቀው ኖሯል። «ሰውዬ» አለችኝ ወጥ እያቀረበች፣ «ቆመህ የምታይበትን ጊዜ ብትሠራበት ኖሮ እስካሁን አንድ ቤት ይወጣው ነበር።»

«መሪጌታ መዶሻ ይዞ? ሰው ምን ይላል?»

«ዮሴፍ ጠራቢ አልነበረም? ወይስ መሪጌታ ስላልሆነ አይቆጠርም ልትለኝ ነው?»

ቀልድ አስመሰለችው እንጂ ዋጋው ለሷም ቀላል አልነበረም። ወንድሞቿ ቄሶች ናቸው። እኔ መዶሻ ከያዝሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ቤታችንን ሳይረግጡ ቀርተዋል። ይህን ሁሉ አውቃ ነው የገፋችኝ።

የከበደኝ ለአለቃ መንገሩ ነው። አለቃ ኃይሉ የደብሩ አለቃ ብቻ ሳይሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ ዜማ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። «ላቀው፣ አርባ ሦስት ዓመት ሰው ልብሱን የሚጠግንበት ዕድሜ ነው እንጂ አዲስ የሚያሰፋበት አይደለም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቦታህ እስከ ትንሣኤ ትቆይሃለች። እስከዚያ ከተመለስህ ማንም ምንም አይልህም። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ይቆምባታል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በደግነት ስለተናገሩ እስከ ትንሣኤ ድረስ ያች ባዶ ቦታ ከዓይኔ አልጠፋችም።

አያ እንድሪስ ልሥራ ስለው መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ነበር። በኋላ «መርሐባ» ብሎ ተቀበለኝ። ክፍያው ከቀን ሠራተኛ ብዙም አይበልጥም፤ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል። ሥጋ ካልመጣ በቀር ማዕዳችን አንድ ነበር፤ እሱ ሲሰግድ እኔ ቱምቢውን፣ የግንቡን ልክ የምናይበትን ገመድ፣ እጠብቃለሁ፣ እኔ ስጾም እሱ ፊቴ ወተት አይጠጣም። ያልተጻፉ ሕጎች ነበሩት። ያነሣኸውን ድንጋይ መልሰህ አትወርውር፤ ቦታ እስክታገኝለት አዙረው። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይውልም። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ወደ ኋላ ሂድና ከሩቅ እየው፤ የቅርብ ዓይን ያዳላል። ማታ ራስህን ሳትታጠብ በፊት ማንኪያህን እጠብ፤ ማንኪያ የምንለው ሞልታውን፣ የሲሚንቶና የአሸዋውን ቡኮ ማለቴ ነው፣ የምናነሣበትን ብረት ነው። ሰው ሲከፋው «አብሽር» ይለዋል፣ አይዞህ ማለቱ ነው፤ ይህች ቃል በኛ አገር የክርስቲያኑም የእስላሙም ናት።

ሠራተኛውን ሲቆጣ ደግሞ ለጉድ ነው። «አንተ ጎበዝ፣ ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?» ይላል። የተጣመመ ረድፍ ካየ በእግሩ ገፍቶ ያፈርሳል። እኔን ግን አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። «ያምራል መሪጌታ»፣ «አላህ እጅዎን ይባርከው መሪጌታ» ነበር የሚለኝ። ምሳ ሰዓት ሁላችን ጥላ ስንፈልግ እሱ «ትንሽ ነገር ላስተካክል» ብሎ ግንቡ ዘንድ ይቀራል። እኔም ከዛፉ ሥር ጋደም ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሙያ ቶሎ የለመድሁት ተሰጥኦ ቢኖረኝ ነው እያልሁ ራሴን አደንቅ ነበር።

መጋዘኑ ሲያልቅ ወደ አቀስታ ተላክን፤ ከከተማው ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ትምህርት ቤት ልንሠራ ነው። ጊዜው ኅዳር ነው። አቀስታን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። የቀበሌው ሰው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ጓጉቶ ድንጋዩን ሁሉ ከገደሉ ሥር በጀርባው አውጥቶ፣ ከምሮ ጠበቀን። ከጭነት መኪናው ስወርድ ጥምጥሜን ያዩ ሽማግሌዎች ሼህ መጣልን ብለው ተሰለፉና እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። «ኧረ እኔ የደብር መሪጌታ ነኝ» ብል አንዱም አልደነገጠ። ሙሄ የሚባለው፣ የድንጋይ ማውጣቱን ሥራ ያስተባበረው ገበሬ፣ «ምን ገዶን! እርስዎም በወጉ ዱዓ ያድርጉልን» አለኝ። አደረግሁላቸው። «አሚን» ሲሉ ሸለቆው አስተጋባ።

ግንቡ ወገብ ሲደርስ አያ እንድሪስ የወንድሙ መርዶ መጣበት። ወደ ወረኢሉ ለለቅሶ ሲነሣ «ማዕዘኖቹን አይንኩ መሪጌታ። መካከሉን ብቻ፣ ቀስ ብለው» አለኝ። ሥራ ለብቻዬ ሲተውልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሲመለስ ግንቡን ደረት አድርሼ ላስደንቀው ቆረጥሁ።

በሄደ በአራተኛው ቀን ሥራው ሰምሮልኝ ዋለ። ወደ ማታ ነፋሱ ጸጥ አለ፣ ሰማዩ የታጠበ ሰሐን መሰለ። ደስ የሚል ምሽት ነው ብዬ እየዘመርሁ ረድፍ በረድፍ ላይ ደረብሁ። ድንጋይ የሚያቀብለኝ ሙሄ ሰማዩን አየ፤ ግንቡን አየ። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጥጃውን ቤት ላስገባ ብሎ ሄደ፣ ሌላው ተከተለው። ሙሄ ግን ቆመ።

«መሪጌታ…» አለ።

«አቤት ሙሄ?»

ጥምጥሜ ላይ ዓይኑን ጣለና ጭንቅላቱን አከከ። «አይ… ይቅናዎት ብዬ ነው።»

«አሜን» አልሁና ሥራዬን ቀጠልሁ።

ጠዋት ስወጣ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ውርጭ ነው። ግንቡ ቆሟል፤ ምን እንደደረሰበት አልገባኝም። ጠጋ ብዬ በሁለት ድንጋይ መካከል ያለውን ሞልታ በጣቴ ነካሁት፤ እንደ በሶ ዱቄት እጄ ላይ ረገፈ። ሲሚንቶው ሳይጠነክር በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ገነጣጥሎታል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ዓይኔ እያየ መካከሉ ወደ ውስጥ አዘነበለና ተናደ። ሰው አልነበረበትም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በጀርባቸው ያወጡት ድንጋይ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ፣ በስንት ደጅ ጥናት የተገኘው ሲሚንቶ አፈር ሆኖ ሳይ እዚያው ተቀመጥሁ። የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። የቀበሌው ሰው አንድ ባንድ እየመጣ አጽናናኝ። «ያጋጥማል መሪጌታ።» «አላህ ያለው ነው መሪጌታ።» አንድ ሰው እንኳ አልሰደበኝም።

ዕቃዬን ሸከፍሁ። አለቃ እንዳሉኝ ቦታዬ እስከ ትንሣኤ ትጠብቀኛለች፤ ጊዜው ገና ነው፤ ተመልሼ እዚያች እቆማለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም አልሁ። የጭነት መኪናው እስኪመጣ ጠበቅሁ። መኪናው ሲመጣ አያ እንድሪስም በዚያው መጣ። ወርዶ የተናደውን አየ። ዞረው፤ በእጁ ሞልታውን አሸው። ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደ ገበሬዎቹ ዞረ።

«ውርጭ እንደሚጥል አላያችሁም?»

«አይተናል» አለ ሙሄ።

«አይታችሁ?»

«ነፋሱ ሲቆምና ሰማዩ ሲጠራ ማን ያጣዋል አያ?»

«ታዲያ አፍ የላችሁም?»

ሙሄ መሬት መሬት አየ። «ጥምጥም ለጠመጠመ ሰው ምን ይባላል? ቄሱም ሼሁም የአላህ ሰው ነው። ሰማዩን እኛ ልንነግራቸው ነው?»

አያ እንድሪስ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የለቅሶ ድካም ፊቱ ላይ ነበር። «ምን እላችኋለሁ» አለ፣ «እኔስ ያው አይደለሁ?» ወደኔ ቀና አለ። «መሪጌታ፣ መካነ ሰላም ላይ የሠሩትን ምሳ ሰዓት እያፈረስሁ መልሼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ካልነገርሁዎ መቼም አልነግርዎትም።»

«ያምራል ያሉኝስ?»

«ጥምጥሙን ነው።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቀጥሎ ተናደድሁ፤ በሱ፣ በሙሄ፣ በዘነበች፣ በራሴ። ተሰጥኦ አለኝ ብዬ ከዛፍ ሥር ስጋደም እሱ ሆዱ ባዶ ሆኖ ጥፋቴን ሲያቃና ነበር። ካቆምሁት ግንብ አንዱም የኔ አልነበረም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ የሸከፍሁትን ይዤ ወደ መኪናው ሄድሁ። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አድርጌ ቆምሁ።

ምን እንዳሰብሁ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። አለቃ ኃይሉ በልጅነቴ አንዲት የዜማ ምልክት ስስት አርጩሜ አንሥተው ይመልሱኝ ነበር። መሪጌታ ከሆንሁ ወዲህ ግን አንድም ሰው ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም። ተሳስቼ አላውቅም ማለት ነው? ወይስ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያቃናልኝ ሰው ነበረ? ይህች መኪና ላይ ብወጣ ቀሪ ዘመኔን ሁሉ ያምራል እየተባልሁ እኖራለሁ፤ ምኑ እንዳማረ ግን አላውቅም። እግሬን ከመወጣጫው አወረድሁ። መኪናው ሲሄድ አላየሁትም፤ ጥምጥሜን እየፈታሁ ነበር።

ጥምጥም ሲፈታ ረጅም ነው። ሰዎቹ የሚገቡበት አጡ፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። የተላጨ ራሴ የአቀስታን ብርድ ሲያገኘው እንባዬ መጣ፤ በብርዱ ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ። ጨርቁን አጣጥፌ ከዕቃዬ ጋር አኖርሁትና «አያ እንድሪስ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ላቀው ነኝ። የተሳሳትሁትን ፊት ለፊቴ አፍርሱት» አልሁ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«እንግዲያው ያችን ድንጋይ ተሸከም። ቢስሚላህ።»

ሙሄ ቤቱ ሮጦ ከበግ ጸጉር የተሠራ ቆብ አመጣልኝ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ በግ በግ የሚሸት ቆብ። ሳጠልቀው አንዲት ሴት «አሁን ገና ሰው መሰሉ!» አለችና አፏን ያዘች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ከልጅነት ትምህርቴ ይከብድ ነበር፤ ልጅ ሲሰደብ ይረሳል፣ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ግን ያስባል። አያ እንድሪስ ያጠራቀመውን ቁጣ ሁሉ አወረደብኝ። «ይሄ ግንብ ነው የጤፍ ክምር?» እያለ በእግሩ ይገፋል። ሥራውን በአገሩ ሰው ምክር አደረግነው፤ ፀሐይ ግንቡን ሳትነካ አንጀምርም፣ ጥላ ሲያርፍበት እናቆማለን። ለሞልታው የሚሆነውን ውሃ በበርሜል እናሞቃለን። ማታ ማታ ትኩሱን ግንብ በገለባ፣ በላዩም በጆንያ እናለብሳለን፤ ልጅ አልብሶ እንደማስተኛት ነው። አንድ ምሽት ደክሞኝ ገለባውን ቶሎ ቶሎ በትኜ ስወርድ ከበስተኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሠራህ? ገለባውን እንዲህ ስስ አድርገህ ውርጩ እንደገና ሊበላው ነው? ውጣና ደርብ!»

ሙሄ ነው። ከተናገረ በኋላ ደንግጦ «አስተግፊሩላህ፣ መሪጌታ…» ማለት ጀመረ። እኔ ግን መሰላሉን እየወጣሁ ነበር። ደረብሁ። ጠዋት ጆንያውን ሳነሣ ገለባው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ አለ፤ ሥሩ ያለው ሞልታ ጠንክሯል። ሙሄን አቅፌ ሳምሁት፤ ለምን እንደሳምሁት አልገባውም።

ትምህርት ቤቱ ክዳን ለብሶ ልጆች ሲገቡበት አየሁና ለትንሣኤ ወደ መካነ ሰላም ተመለስሁ። በበዓሉ ዋዜማ አለቃ ኃይሉ ዘንድ ሄድሁ። «እጅህን አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው፤ ሲሚንቶ የበላው፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ቦታዬን ለሌላ ይስጡልኝ፣ የኔታ» አልሁ። «በበዓል ከሕዝቡ ጋር እቆማለሁ፤ ዜማውን አልተውሁም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የእናንተ ሥራ ሲፈርስ ይታያል» አሉ በመጨረሻ። «የኛ ሲፈርስ አይታይም። እኔ ቀላሉን መርጠህ የሄድህ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ መስቀል አስመጥተው አሳለሙኝ። ስወጣ ከደጁ ቆሜ አለቀስሁ፤ ያን ቀን ብርድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በየወረዳው ዞርሁ። ወረኢሉ ላይ መጋዘን፣ በየገጠሩ የምንጭ ግንብ፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ደግሞ በስንዴና በዘይት የሚከፈልበት የእርከን ሥራ። አንዱን ብቻ ልንገር። እዚያው በኛ አገር፣ ማሻ ላይ የጤና ጣቢያ ስንሠራ አንድ ካድሬ መጣና ጣሪያው ለአብዮት በዓል እንዲደርስ አዘዘ። የግንቡ ራስ ገና እርጥብ ነው። ያን ዘመን ካድሬ ፊት የሚናገር የለም፤ ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ አያ እንድሪስ እንኳ ጫማውን አየ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አቀስታ ላይ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። አሁን ጥምጥሙ በሌላ ሰው ራስ ላይ ነበር። ወደሱ ጠጋ ብዬ «ጓድ፣ ሲሚንቶው አልደረቀም። ስብሰባ ቢጠሩለትም አይደርቅም» አልሁ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልሁ የገባኝ። ካድሬው ዓይኑን ተክሎ አየኝ። ዘነበችን አሰብሁ። ከዚያ ሰውየው ወደ ግንቡ ሄዶ ሞልታውን በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ረጠበ። «በዓሉን ገበያ ላይ እናደርገዋለን» ብሎ ሄደ። ስሙን አላነሣም እንጂ እስከ ዛሬ በደግ አስበዋለሁ። ሲርቅ አያ እንድሪስ ላቡን ጠርጎ «አብሽር» አለ፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ወደ ስንብቱ ልመለስ። መሐንዲሱ ንግግሩን ጨረሰ፤ ከሱ በኋላ ሦስት ሰዎች ተነሡ። እንከን የለሽ ግንበኛ አሉኝ፤ የጋቢ ስጦታ አለበሱኝ። ሲደጋገም ሰው ያምናል፤ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ከጥግ ተቀምጦ የነበረው አያ እንድሪስ ተነሣ። አርጅቷል፤ ምርኩዝ ይዟል። ለንግግር መስሏቸው ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ስንብቱ የተደረገበትን ያን ቢሮ የሠራሁት እኔ ነኝ። የመስኮቱን ሥር በምርኩዙ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ዘንበል አደረገ።

«ላቀው!»

«አቤት አያ!»

«ይህችን ማን ነው ያስቀመጣት?»

«እኔ ነኝ።»

«ልቅ ናት። ደግሞ አዘንብላለች። ምነው፣ ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነበር?»

መሐንዲሱ ፊቱ ቀላ። እኔ ተነሥቼ ሄድሁና ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ከዚያ አያ እንድሪስ እንዳስተማረኝ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁ። አዘንብላለች። ስንት ዓመት በአጠገቧ ሳልፍ አላየኋትም።

«ነገ መዶሻህን ይዘህ ና፤ እናቃናታለን» አለ።

«ጡረታ ወጣሁ እኮ አያ! አሁን የሰሙት ምንድን ነው?»

«አንተ ወጣህ እንጂ ግንቡ አልወጣም።»

በማግስቱ ጠዋት ዘነበች የስጦታውን ጋቢ ሳይሆን ያችን የሙሄን አሮጌ ቆብ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ብርድ ነው፤ ራስህን ሸፍን» አለችኝ። መዶሻዬን ከቆጡ አወረድሁ፤ ፀሐይ ግንቡን እስክትነካ ጠብቄ ሄድሁ።